የማይቆጠር ጽሑፍ

ኢንስፔክተሯ ወደ ሆስፒታሉ የተላከችው ነፍሰ ገዳይ እንድትፈልግ አልነበረም። የተላከችው ልታስፈርም ነው። አንዲት የኮሌጅ ተማሪ ማክሰኞ ቀን ከኮምፒውተር ላቦራቶሪው ሦስተኛ ፎቅ ወድቃ ሞታለች፤ ስክሪኗ ላይ የስንብት ጽሑፍ ተገኝቷል፤ መዝገቡም «ራሷን አጠፋች» ይላል። የቀረው የእናትየዋ ፊርማ ብቻ ነበር። እናትየዋ ግን አስከሬን ክፍሉ በር ላይ ተቀምጣ አልፈርምም፣ ሬሳውንም አልወስድም ካለች ሁለት ቀን አለፋት። የሆስፒታሉ ሰዎች ሲመርራቸው ለጣቢያው ደወሉ። አዛዡ «እስከ ነገ ምሳ ሰዓት ይህን ነገር ዝጊልኝ» ብሎ ኢንስፔክተሯን ሰደዳት።

ጣቢያው ውስጥ ከኋላዋ «ወንፊት» ይሏታል። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሬን ያያችሁ እያለች ቢሮውን የምታምስ ሴት ናት። መነጽሯን ትርሳ እንጂ አንዴ የሰማችውን ቃል አትረሳም። በዚህም ብዙ ሰው ተቀይሟታል።

እናትየዋ ልብስ ሰፊ ናት። አግዳሚው ላይ ኩርምት ብላ የሹራቧን ጫፍ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ መልሳ ታጥፋለች። ከጎኗ አርባ ሰባት ዓመት የሚሆነው፣ ኮቱ ክርኑ ላይ የሳሳ ሰው የውሃ ጠርሙስ ይዞ ተቀምጧል።

«እርስዎ ቤተሰብ ነዎት?» አለችው ኢንስፔክተሯ።

«የክፍል ጓደኛዋ ነኝ» አለ ሰውየው እንደማፈር ብሎ። «ዕድሜዬን አይተው አይሳቁብኝ። ክፍሉ በሙሉ ጋሼ ነው የሚለኝ። የመመረቂያ ፕሮጀክቱን ከእሷ ጋር ነበር የምንሠራው።»

«ከእሱ በቀር ማን አለኝ» አለች እናትየዋ ቀና ሳትል። «ያን ቀንም እሱ ነው መጥቶ የነገረኝ። ማሽኔ ላይ ነበርኩ፤ ፊት ለፊት ያለው ትምህርት ቤት ገና ልጆቹን አልለቀቀም። ወደቀች አለኝ። ጽፋልሽ ነው የሄደችው አለኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ያለችውን አንድ በአንድ የነገረኝ እሱ ነው። ይቅር በይኝ፣ አትጠብቂኝ ብላለች።»

ኢንስፔክተሯ አጠገቧ ተቀመጠች። «እትዬ፣ ልጅዎን ለምን አይወስዷትም?»

«እህቴ፣ ማክሰኞ ጠዋት ክፉ ቃል ተለዋውጠን ነው የወጣችው። ከዚያ ማሽን ጋር ተጋቢና ኑሪ አልኳት። ምንም ሳትመልስልኝ ወጣች። እና ትታኝ ሄዳ ከሆነ ምን ብዬ ልውሰዳት? አንቺው ንገሪኝ፣ አንጀቴን ቆርጣ የሄደችን ልጅ አቅፌ ምን እላታለሁ?» እጇ ሹራቡ ላይ ቆመ። «አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። ትታኝ ነው የሄደችው? እሱን አረጋግጪልኝና የፈለጋችሁት ወረቀት ላይ ጣቴን አትማለሁ።»

 ኢንስፔክተሯ ያመጣችውን ወረቀት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ ኮሌጁ ሄደች።

ላቦራቶሪው ሃያ አራት ኮምፒውተሮችና አንድ የሚያቃስት ማራገቢያ አለው። ኪቦርዶቹ ላይ የተለጠፉት የአማርኛ ፊደሎች ግማሾቹ ተልጠዋል። መስኮቱ ሰፊ ነው፤ ደፉ ከጉልበት እምብዛም አያልፍም። ከታች የጄኔሬተሩ ቤትና ባዶ ሲሚንቶ አለ፣ ሰው በዚያ በኩል አያልፍም።

ቴክኒሺያኑ ሠላሳ ያልሞላው፣ የቁልፍ ገመድ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ልጅ ነው። ሁለት ቀን እንዳልተኛ ፊቱ ይናገራል።

«እዚህ ደፍ ላይ ነበር የምትቀመጠው፣ ጀርባዋን ወደ ውጭ ሰጥታ» አለ። «ማራገቢያው ወንበሯ ጋ አይደርስም። ስንት ጊዜ ተነሺ ብያታለሁ። ትስቃለች። ፈተና ብትወድቅ ትስቃለች፤ የከበዳት ነገር ሲፈታላት ደግሞ ብሶባት ትንከተከታለች።»

«አንተ ላይስ ስቃብህ ታውቃለች?»

ቴክኒሺያኑ ወለሉን አየ። «ማን ነገረዎት? አዎ፣ እወድሻለሁ አልኳት፣ ሳቀች። አለቀ። ከዚያ በኋላም ሻይ አብረን እንጠጣ ነበር።»

«ማክሰኞ ምሳ ሰዓት የት ነበርክ?»

«ምድር ቤት ፕሪንተር ስፈታ። ብቻዬን። ላቦራቶሪውን በምሳ ሰዓት መቆለፍ ነበረብኝ፣ ለእሷ ብዬ ክፍት ተውኩት። ቆልፌው ቢሆን ኖሮ...»

«ማን አገኛት?»

«ዘበኛው፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ። ጄኔሬተሩን ሊያይ ሄዶ። ወዲያው ላቡን ቆልፌ ቁልፉን ያዝኩ። ፖሊሶቹ ሲመጡ ዘጠኝ ተኩል ሆኖ ነበር። አብረን ገባን፤ ስክሪኗ ጠቁሮ ነበር፣ ማውሱን ስነካው በራ። ከእኔና ከፖሊሶቹ በፊት ጽሑፉን ያየ ሰው የለም።»

ኮምፒውተሩ ማንም እንዳይነካው ተብሎ እንደበራ ነው የቆየው። ኢንስፔክተሯ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች።

«እናቴ ይቅር በይኝ፡፡ ትምህርቱ ከበደኝ፡፡ ፕሮግራሙም አልሠራ አለኝ፡፡ ማንም አልበደለኝም፡፡ አትጠብቂኝ፡፡»

ሦስት ጊዜ አነበበችው። ምንም አላገኘችበትም፤ ያም አናደዳት።

«ይህ ፕሮግራም የምትለው ምንድን ነው?»

«ቆጣሪ ነው። እሷንም ቆጣሪዋ ነበር የምንላት። ‹ቆጣሪ አለን፣ መብራት ነው የጠፋው› እያልን እንቀልድ ነበር።» ቴክኒሺያኑ ፈገግ ሊል ሲል ተወው። «የአማርኛ ጽሑፍ ሲሰጡት ስንት ዐረፍተ ነገር እንዳለው ይቆጥራል። የትኛው የትምህርት መጽሐፍ ዐረፍተ ነገሩ ለልጆች ረዝሞ እንደሚከብድ ለማወቅ ነው። እሷ ፕሮግራሙን ጻፈች፣ ጋሼ መሞከሪያውን አርባ ገጽ ተየቡላት።»

«በዚህኛው ላይ ሞክረው።»

ቴክኒሺያኑ የስንብት ጽሑፉን ለፕሮግራሙ ሰጠው። «5» አለ ፕሮግራሙ። ኢንስፔክተሯ በጣቷ ቆጠረች፤ አምስት ነው። እንግዲህ ፕሮግራሙ ይሠራል። ልጅቷ ደግሞ አልሠራ አለኝ ብላ ሞታለች።

«ከሰው ተጣልታ ነበር?»

ቴክኒሺያኑ አመነታ። «ጠብ አልለውም። ያን ቀን ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ‹ጋሼ፣ የእርስዎ ጽሑፍ እኮ አይቆጠርም› ስትላቸው ሰማሁ። ሰውየው አመድ መስለው ወጡ። ልፋታቸውን እንደዚያ ታቃልላለች ብዬ አላስብም ነበር። ከመምህሩ ጋር ግን ሰኞ ዕለት በር ዘግተው ነው ያወሩት፤ ድምፅ ከፍ ከፍ ብሎ ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ጽሑፉንና ፕሮግራሙን ፍላሽ ላይ አስገልብጣ ወደ መምህሩ ቢሮ ወረደች።

መምህሩ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦም ሰሌዳ ፊት የቆመ ይመስላል። «ልጅቷ ጎበዝ ነበረች፣ ጭንቀት ግን አልቻለችም» አለ። «ጽሑፏም ግልጽ ነው። የቀረ የሚመረመር ነገር አይታየኝም።»

ኢንስፔክተሯ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን የታተመ ወረቀት አንስታ ርእሱን አነበበች። ስለ አማርኛ ዐረፍተ ነገር አቆጣጠር ለአንድ ጉባኤ የተዘጋጀ ጥናት ነው። ከርእሱ ሥር ያለው ስም የመምህሩ ብቻ ነው።

«የእሷ ስም የት አለ?»

«ይጨመራል።»

«ሞታ ነው የሚጨመረው?»

መምህሩ ክራቫቱን ላላ አደረገ። «ሰኞ በር ዘግተን የተጨቃጨቅነው በዚሁ ነው፣ ልደብቅዎ አልችልም። ያሳፍረኛል። ነገር ግን ሰው አልገደልኩም። ማክሰኞ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ስብሰባ ላይ ነበርኩ።»

«መካከል ላይ አሥር ደቂቃ ወጥተው እንደነበር ስገባ ጸሐፊዎ ነግራኛለች።»

«ሽንት ቤት መሄድም ያስጠይቃል?»

«ሰው ሲሞት ሁሉም ያስጠይቃል፣ መምህር። ልጅቷ ፕሮግራሙ አልሠራ አለኝ ብላ ጽፋለች። ላብ ውስጥ ግን ደህና አድርጎ ሲሠራ አየሁት።»

«ሰኞ ያስረከበችኝ አይሠራም ነበር። ጋሼ የተየቡላትን አርባ ገጽ ብንሰጠው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው አለ። አርባ ገጽ! እስከ ረቡዕ ካልተስተካከለ ሁለታችሁም ትወድቃላችሁ አልኳት። ለእሷ ምንም አይደል፣ ትደግመዋለች። ጋሼ ግን አንድ ጊዜ ወድቀዋል፤ ሁለተኛ የወደቀ ከኮሌጁ ይሰናበታል።»

ኢንስፔክተሯ ፍላሹን አወጣች። «እስቲ የሰኞውን ፕሮግራም በዚህ የስንብት ጽሑፍ ላይ ይሞክሩት።»

መምህሩ ትከሻውን ሰብቆ ሞከረው። ስክሪኑ ላይ «1» የሚል ቁጥር ወጣ።

«ላብ ውስጥ አምስት ነው ያለኝ» አለች። «ጽሑፉ አንድ ነው። ፕሮግራሙም አንድ ነው። እንዴት ሁለት መልስ ይሰጣል?»

መምህሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ኩራቱን ረስቶ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። የሰኞውንና የማክሰኞውን ጎን ለጎን ከፍቶ ከላይ እስከ ታች አወዳደረ። የማክሰኞው አንድ መስመር ብልጫ አለው። የተቀመጠው በዚያው ቀን ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። መምህሩ መስመሩን ደጋግሞ አነበበው።

«በሰው ቋንቋ ይንገሩኝ» አለች።

«አራት ነጥብ ኮምፒውተሩ ላይ የራሱ ቁልፍ አለው፤ ለማሽኑ አንድ ምልክት ነው። አንዳንድ ሰው ግን ያን ቁልፍ ትቶ ሁለት ነጥብን ሁለቴ ይመታል። ለዓይን ምንም ልዩነት የለውም። ማሽኑ ግን ሁለት ሁለት ነጥብ ያያል እንጂ አራት ነጥብ አያይም። ዐረፍተ ነገሩ አለቀ ብሎ አያቆምም፣ እስከ መጨረሻው ድረስ አንድ ነው ይላል። ይህች መስመር እነዚያን ጥንድ ነጥቦች ወደ አራት ነጥብ ትለውጣለች። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ይቆጠራሉ።»

«ስለዚህ የስንብቱን ጽሑፍ የጻፈው ሰው ሁለት ነጥብን ሁለቴ ይመታል። እሷስ?»

መምህሩ ልጅቷ ዓመቱን ሙሉ ያስረከበችውን ሥራ በሙሉ ከፍቶ ፈተሸ። ሁለቴ የተመታ ነጥብ አንድ ቦታ እንኳ አልተገኘም። ኢንስፔክተሯ ፍላሹ ላይ የነበረውን የራሷን የፖሊስ ሪፖርት ደግሞ በሰኞው ፕሮግራም አስሞከረች። «1» አለ።

«ሃያ ስምንት ዓመት አንድ ዐረፍተ ነገር ስጽፍ ኖሬያለሁ ማለት ነው» አለች። «ከመስመሯ አጠገብ ደግሞ በአማርኛ የተጻፈ ነገር አያለሁ። ምንድን ነው?»

«ፕሮግራም ጸሐፊ ይህ መስመር ለምን እንዳስፈለገ ለራሱ የሚጽፈው ማስታወሻ ነው» አለ መምህሩና ቀስ ብሎ አነበበላት።

ኢንስፔክተሯ መነጽሯን አውልቃ ለረጅም ጊዜ ዓይኗን አሸች። ከዚያ ለማንም እንዳይናገር አስጠነቀቀችው። ማስታወሻው የሚለውን አንባቢም ነገ ከሌሎቹ ጋር ይሰማዋል።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱን ተራ በተራ ላቡ ውስጥ እያስቀመጠች፣ ማክሰኞ ምሳ ሰዓት የት እንደነበሩ እንዲተይቡ አደረገች። ቴክኒሺያኑ በአምስት ደቂቃ ጨርሶ ተነሳ። መምህሩ በሁለት ጣቱ ፊደል በፊደል እየለቀመ፣ አራት መስመር ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት ፈጀበት፤ የዐረፍተ ነገሩንም መጨረሻ በእንግሊዝኛው ነጥብ ዘጋው። ጋሼ ኪቦርዱን ሳያይ በአሥር ጣቱ ነው የጻፈው።

«ጎበዝ ነዎት» አለችው።

«ሃያ ሁለት ዓመት የአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ ሠርቻለሁ። በድሮው የጽሕፈት መኪና ነው የጀመርኩት» አለ ጋሼ። «ከሦስት ዓመት በፊት አዲስ አለቃ መጣና ዲፕሎማ የሌለው ይሰናበታል አለ። እስከዚህ ወር መጨረሻ ነው ቀኑ። በዚህ ዕድሜ ማን ይቀጥረኛል? ልጆቼ ትምህርት ቤት ሲሄዱ እኔም ደብተሬን ይዤ እወጣለሁ። ትንሿ ‹አባዬ፣ ስንተኛ ወጣህ?› ትለኛለች።»

«ሟች ታስጠናዎት ነበር?»

«እሷ ባትኖር አንደኛውን ዓመትም አላልፍም» አለ። እንባው ኪቦርዱ ላይ ጠብ አለ። እንባው የእውነት ነበር። ነገሩን ያከበደውም ይኸው ነው።

በማግስቱ አርብ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሁሉም ላቡ ውስጥ ተሰበሰቡ። እናትየዋ በሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ መስኮቱን ላለማየት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጋሼ እንደ ልማዱ ከጎኗ ሆነ። መምህሩና ቴክኒሺያኑ ቆመዋል።

«እትዬ፣ አንድ ጥያቄ ጠይቀውኝ ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ። «መልሱን ስሰጥዎ እነዚህም ይስሙት ብዬ ነው የጠራኋቸው። በልጅዎ ስክሪን ላይ ተገኘ የተባለውን ጽሑፍ ልጅዎ አልጻፈችውም።»

ኢንስፔክተሯ የአራት ነጥቡን ነገር እናትየዋ በሚገባት ቋንቋ ነገረቻት። «እርስዎ ሁለት ጨርቅ ሲያጋጥሙ አንዱ ሰው በአንድ ክር ይሰፋል፣ ሌላው ክሩን ደርቦ ይሰፋል። ከላይ ሲያዩት ስፌቱ አንድ ነው፤ ሲገለብጡት ግን እጁን ያውቁታል። ልጅዎ የሠራችው ፕሮግራም ጽሑፍን የሚገለብጥ ነው። የስንብቱ ጽሑፍ የእሷ እጅ አይደለም አለ።»

«ታዲያ የማን ነው?» አለች እናትየዋ።

«ትናንት ሦስቱም በዚህ ማሽን ጽፈዋል። እስቲ መምህር፣ በሰኞው ፕሮግራም ያስቆጥሩልን። የቴክኒሺያኑን።»

«በዓይን ስምንት ዐረፍተ ነገር ነው። ፕሮግራሙም ስምንት ይላል» አለ መምህሩ።

«ትክክለኛውን አራት ነጥብ ይጠቀማል ማለት ነው። የእርስዎ ደግሞ መቆጠርም አያስፈልገው። አማርኛ በኪቦርድ መጻፍ አይችሉም። ማነው የሚተይብልዎት?»

መምህሩ አፈረ። «በእጄ ጽፌ እሰጣለሁ... ጋሼ ናቸው የሚተይቡልኝ።»

«የጋሼን ያስቆጥሩ።»

መምህሩ ስክሪኑን እያየ ድምፁ ወረደ። «በዓይን አሥራ አንድ ነው። ፕሮግራሙ... አንድ።»

«ብዙ ሰው እንደዚያ ይጽፋል» አለ ጋሼ። «የጽሕፈት መኪናው ላይ ስንማር ሁለቴ ምቱ ነው የተባልነው። ጣት የለመደውን አይተውም።»

«እውነትዎን ነው። እኔም እንደዚያ ነው የምጽፈው» አለች ኢንስፔክተሯ። «በነጥብ ብቻ ሰው አላስርም። እትዬ፣ ማክሰኞ ዕለት ጋሼ መጥቶ ሲነግርዎ፣ ፊት ለፊት ያለው ትምህርት ቤት ልጆቹን ለቆ ነበር?»

«አልለቀቀም። መንገዱ ባዶ ነበር። ስሮጥ ማንም አልገፋኝም።»

«ያን ጊዜ ነው ‹ይቅር በይኝ፣ አትጠብቂኝ ብላለች› ያለዎ?»

«ያኔ ነው። እዚያው ቆሜ።»

«ትምህርት ቤቱ ልጆቹን የሚለቀው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ጠዋት ሄጄ ጠይቄያለሁ። ይህ ክፍል ከሰባት ተኩል ጀምሮ ተቆልፎ ነበር፣ ስክሪኑም የበራው ዘጠኝ ተኩል ላይ ነው። ጋሼ፣ ማንም ያላነበበውን ጽሑፍ ከየት አነበቡት?»

እናትየዋ ቀስ ብላ ወንበሯን ከጋሼ ወንበር አራቀች።

ጋሼ የውሃ ጠርሙሱን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ልለምናት ነው የወጣሁት» አለ። «ጠዋት ‹የእርስዎ ጽሑፍ አይቆጠርም› አለችኝ። ስሜን ልታወጣው ነው አልኩ። አርባ ገጽ ተይቤ፣ ጣቴ እስኪያብጥ ተይቤ። ምሳ ሰዓት መጥቼ ስሜን አታውጪው፣ ከወደቅሁ አለቀልኝ አልኳት። መስኮቱ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሳቀች። ከት ከት ብላ ሳቀች። ‹ጋሼ፣ አንድ መስመር እኮ ነው› አለችኝ። የደከምኩበትን ሁሉ አንድ መስመር ነው አለችኝ። እጄን... ዝም እንድትል ብዬ ነው። ልጥላት ብዬ አይደለም። ዘወር ስል የለችም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ልጆቼ ታዩኝ። ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩና ጻፍኩ።»

ኢንስፔክተሯ ይህን ጊዜ ስትጠብቀው አድራለች፤ ሲደርስ ግን ባይደርስ በወደደች። «አይቆጠርም ያለችዎ ፕሮግራሙ አይቆጥረውም ማለቷ ነው» አለች። «በነጥቡ ምክንያት። እርስዎን አትቆጠሩም አላለችም። በምሳ ሰዓትም ቁጭ ብላ መፍትሔውን አገኘችለት። የጎደለው አንድ መስመር ብቻ ነበር። ጽፋ ጨርሳው ነው የደረሱባት፤ ስለዚህ ነው የሳቀችው። መምህር፣ ከመስመሯ አጠገብ የጻፈችውን ያንብቡላቸው።»

መምህሩ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ። «‹የጋሼ ጽሑፍ እንዲቆጠር› ይላል።»

ጋሼ ቃሉ ወዲያው አልገባውም። መምህሩንም ኢንስፔክተሯንም እያፈራረቀ አያቸው። ከዚያ ያወጣው ድምፅ የሰው አልመስል አለ፤ ቴክኒሺያኑ ጆሮውን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ወጣ።

እናትየዋ ተነሳች። ሰዎቹ ልትመታው መሰላቸውና አንድ ፖሊስ ከበሩ ገባ አለ። እሷ ግን ወደ ኢንስፔክተሯ ነው የዞረችው።

«እንግዲያው ትታኝ አልሄደችም?»

«አልሄደችም፣ እትዬ። የሰው ችግር ስትፈታ ነው የሞተችው።»

እናትየዋ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ጋሼን አየችው። «ስትገፋት ተናደህ ነበር፤ ሰው ነህ፣ ሰው ይናደዳል» አለች። «ስትጽፍስ? ቁጭ ብለህ ነው የጻፍከው። እኔን አስበህ ነው የጻፍከው። ሦስት ቀን ልጄን ተቀየምኳት። እዚያ ብርድ ውስጥ አስተኝቼ፣ በሩ ላይ ሆኜ ስረግማት ዋልኩ። አንተ አጠገቤ ነበርክ። እየሰማኸኝ ውሃ ጠጪ ትለኝ ነበር።»

ፖሊሱ የጋሼን ክንድ ይዞ አስነሳው፤ እሱም እንደታመመ ሰው ተደግፎ ወጣ።

ኢንስፔክተሯ የድሮውን ወረቀት ቀድዳ ሌላ ጻፈች። በዚህኛው ላይ «ተገደለች» ይላል። እናትየዋ ምን እንደሚል ካስነበበች በኋላ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አተመች። ወዲያው ወደ ሆስፒታሉ ለመሄድ መኪና ውስጥ ገቡ። መንገዱን ሙሉ አላለቀሰችም፤ ሾፌሩን ብቻ ትንሽ ፈጠን ማለት ይችል እንደሆነ ደጋግማ ትጠይቀው ነበር።